ዓርብ ዕለት ሽኒትሰል

ውድ አስካሌ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በመሀል ሁለት ጊዜ ልጽፍልሽ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጄ ጥያለሁ። ሁለቱም «ሁላችንም ደህና ነን» ብለው ነበር የሚጀምሩት። ልዋሽሽ አስቤ አይደለም፤ እውነት መስሎኝ ነበር። ይህ ደግሞ ይብሳል።

አንቺ ስትሄጂ ገና በክሬን ተከቦ የነበረው የባንኩ ሕንፃ አልቋል። ጠዋት ጠዋት ለሃያ ደቂቃ ያህል የወጥ ቤታችንን ፀሐይ ይከልላል። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ፤ ውኃውንም ዱቄቱንም በመለኪያ ስለምሰፍር በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፣ በየቀኑም አይጣፍጥም። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ተበላሽቶ አዲስ አስገባሁ፤ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሸሚዞቼን ሁሉ ሮዝ አደረግኋቸው። ካፖርትሽ አሁንም መግቢያው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

የቤቱ ወሬ ይህ ነው። አሁን ወደ ማሂ ልምጣ።

ይህን ደብዳቤ ከአንቺ ሌላ ሰዎችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። እዚህ ጀርመን፣ በዚህ ከተማ ውስጥ እንደ ማሂ ያለ ልጅ ያላቸው፣ ልጃቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው በሳምንት አንዴ የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም እጽፋለሁና ታገሺኝ። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ቢሆንም በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ሲናደድ እንኳ ከአንድ ነው የሚጀምረው።

ልጃችን አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድረም ይዛ ስለተወለደች ነገር ለመረዳት ጊዜ ይወስድባታል፤ አንዴ ከገባት በኋላ ግን ማንም አያስለቅቃትም። ቀን ቀን እንደ እሷ ላሉ ሰዎች በተዘጋጀ፣ ቬርክሽታት በሚሉት የሥራ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ለሆቴል የሚሄድ ሹካና ማንኪያ በናፕኪን እየጠቀለለች ታሽጋለች። ከስድስት ዓመት በፊት የራሷ ቤት ይኑራት ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ እምቢ አልኩ። ሁለት ዓመት ተከራከርን። በመጨረሻ «ብቻዋን መኖር የምትለምደው እኛ ቆመን እያየናት ነው ወይስ ከቀበረችን በኋላ?» ብለሽ አፌን ዘጋሽው።

ኒድ በሚባለው ሰፈር፣ ከኒዳ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ድርጅት በሚያስተዳድረው ሕንፃ አንድ ክፍልና ትንሽ ወጥ ቤት አገኘች። ይህን አኗኗር እዚህ ቤትሮይተስ ቮነን ይሉታል፤ ሰውየው በራሱ ቤት ይኖራል፣ ተንከባካቢ ደግሞ ጠዋትና ማታ እየመጣ መታጠቡን፣ መብላቱን፣ መድኃኒቱን ያግዘዋል። ቁልፏን በቀይ ክር አንገቷ ላይ ያሰርሽላት አንቺ ነሽ። ደንብም አወጣሽ፤ ወላጅም ቢሆን ሳያንኳኳ አይገባም። የመጀመሪያውን ቀን ማሂ እኛን ደጅ አቁማ፣ ከውስጥ ቆልፋ፣ በጀርመንኛ «ማነው?» እያለች አሥር ጊዜ እንድናንኳኳ አደረገችን። በአሥረኛው አንቺ «ወይዘሮ ማህሌት፣ እንግዶች ነን» ስትዪ ነው የከፈተችልን።

እኔ ደግሞ ደብተሩን አመጣሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አሰመርኩት፤ ቀን፣ ምግብ፣ መታጠብ፣ መድኃኒት፣ ሁኔታ፣ ፊርማ። ተንከባካቢው በየቀኑ ይሞላል፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ እፈርማለሁ። «ለጀርመኖች የቤት ሥራ ሰጠሃቸው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ድርጅቱ ግን ወደደው። የእኔን መስመር አሳትመው ለሕንፃው ነዋሪ ሁሉ አደሉት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ ለሳምንት ያህል እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

አንቺ ያንን ደብተር አንድ ቀን ከፍተሽ አታውቂም። ስንሄድ መጀመሪያ ጫማዋን ታዪ ነበር። ቀጥሎ ጥፍሯን። ከዚያ ጸጉሯን እያሻሸሽ አንገቷን ታሸቺያለሽ፤ መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዣውን ከፍተሽ እያንዳንዱን እቃ እያነሣሽ ታስቀምጫለሽ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። በየፊናችን ልጃችንን የምንመረምር መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ወርሽ፣ ሆስፒታል፣ ማሂ ጠይቃሽ ከሄደች በኋላ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ጫማዋን ቀኙን በግራ አድርጋ ነው የመጣችው። ጠዋት ጠዋት ማን ነው የሚያያት?» አልሽ። እኔ ምን አደረግሁ? ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መነጽሬን አደረግሁ። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ታጥባ ለብሳ ወጣች» ብዬ አነበብኩልሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። የደከመሽ መስሎኝ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩልሽ።

ደብተር በሚያነበው በዚያ ሰውዬ በጣም ነው የምናደደው። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ግን በአንቺም እናደዳለሁ። ለምን አልጮኽሽም? ለምን ያንን ደብተር ከእጄ ነጥቀሽ አልወረወርሽውም? ትንፋሽ እንዳልነበረሽ አውቃለሁ። ቢሆንም እናደዳለሁ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከእኔ ጋር ስለ እጅ ጽሑፏ ስትጨቃጨቅ የኖረችው ባለቀይ ፀጉሯ ጀርመናዊት ተንከባካቢ ጡረታ ወጣች። በእሷ ቦታ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሄድ ቆይቶ ሰብለ መጣች። ሰብለ ጥገኝነት ጠይቃ፣ ብዙ ዓመት ጠብቃ፣ በዚህ ሥራ ምክንያት ወረቀቷ የተስተካከለላት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። «ጋሼ» አለችኝ። ማሂን «የኔ ቆንጆ» ትላታለች። በአማርኛ! አምላክ ላከልን ብዬ በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሻማ አበራሁ።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለቀይ ፀጉሯ ሴትዮ አንድ መስመር ባዶ ብትተው ሰኞ ጠዋት ቢሮ እደውል ነበር። ሰብለን ግን እንዴት አድርጌ? በዓል ሲመጣ ደውላ እንኳን አደረሰዎ የምትለኝን፣ እናቷ አገር ቤት ስትታመም ያለቀሰችብኝን ልጅ፣ ደብተር እየገለጥኩ እንደ ተማሪ ልመርምራት? ይሉኝታ ያዘኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ቆይቶ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አየሁ። ከዚያ ፊርማዬን ብቻ አስቀመጥኩ።

ቤቷም አልገባም ነበር። የሴት ልጅ ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣ መክፈት የእናት ሥራ ነው አልኩ። ቅዳሜ ማሂ ወደ ታች ትወርዳለች፣ በወንዙ ዳር ዳክዬ እያየን እንሄዳለን፣ ደብተሯን ትሰጠኛለች፣ እፈርማለሁ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ቁጥር ትራም ይዤ ኦስትኤንድ ወዳለው ቤቴ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚህ።

የሦስተኛ ዓመት መታሰቢያሽ ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ማሂን ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ወስጄ እስከ እሑድ ማታ እኔ ጋ አቆየኋት። ለቢሮው በስልክ ተናግሬአለሁ፤ የተቀበለችኝ ልጅም «እናስተላልፋለን» ብላለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማሂ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የመታሰቢያሽን ምስር ለቀመች። አንዲት ጠጠር ባገኘች ቁጥር «ማማ፣ ሽታይን» እያለች ለፎቶሽ ታሳይ ነበር። ጉንጯን በሻርፕ ጠቅልላ እንደነበር አይቻለሁ። በረዳት ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተሩ ሞልቶ ስለነበር አዲስ ሰጥቻት አሮጌውን ይዤ ትራም ተሳፈርኩ። እንደተቀመጥኩ ከፈትኩት። ለመመርመር አይደለም፤ ሰብለ ስለ መታሰቢያሽ ምን ብላ እንደጻፈች ማየት ስለፈለግሁ ነው። «ለእናቷ ጸሎት ወደ አባቷ ቤት ሄዳለች» የሚል መስመር ጠብቄ ነበር። ስምሽን ፍለጋ ነው የከፈትኩት፤ ይህን እወቂልኝ።

ሐሙስ፣ የአትክልት ሾርባ፣ ታጠበች፣ መድኃኒት ወሰደች፣ ደስተኛ ናት። ዓርብ፣ ሽኒትሰልና ድንች፣ በደንብ በላች፣ ታጠበች፣ መድኃኒት ወሰደች፣ ደስተኛ ናት። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ እንደዚያው።

እኔ ቤት ምስር ስትለቅም በነበረችበት ቀን፣ ኒድ ውስጥ ሽኒትሰል፣ የሥጋ ጥብስ፣ በላች። ለዚያውም ማሂ! ለዚያውም ዓርብ! ለዚያውም በዐቢይ ጾም!

ይህን ለሚያነቡ ሰዎች ማስረዳት አለብኝ። አስካለ ልጇን ጾም ያስተማረቻት በስብከት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቢጫ ወረቀት ትለጥፍ ነበር፤ ቢጫ ካለ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወረቀቱ እስከ ፋሲካ አይነሣም። አራት ዓመት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን ቄስም ቢሆን ሊያስፈታት አይችልም። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታዋ የልደቷን ኬክ ዓርብ አቅርበውላት፣ ሻማውን እፍ አለች፣ ጨበጠቻቸው፣ ኬኩን አልነካችም። በሕይወቷ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው የምትለው ሁለት ነገር አላት። አንዱ ቁልፏ ነው፣ ሌላው ጾሟ።

ወደ ኋላ መግለጥ ጀመርኩ። አንድ ዓርብ ቋሊማ። ሌላ ረቡዕ የዶሮ ጥብስ። አስካሌ፣ የክረምት ዕረፍት ማስታወሻውን በመጨረሻዋ ማታ ተቀምጦ የሚጽፍ ተማሪ ስንት ጊዜ ይዣለሁ! ቀለሙ አንድ ነው፣ ከላይ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይጀምራል፣ ወደ ታች እጁ ሲደክም ፊደሉም ይተኛል። የሰባቱ ቀን ጽሑፍ እንደዚያ ነበር። ከሰኞ ቆሞ የጀመረው ፊደል እሑድ ላይ ተኝቷል። የሕፃን ተንኮል ነው። አንድ ሺህ ጊዜ ያየሁት ተንኮል ነው። ከሥሩ ደግሞ በየሳምንቱ የእኔ ቀይ ምልክትና የእኔ ፊርማ አለ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ተመለስኩ።

አንኳኳሁ። «ማነው?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ ሁለቴ ስለመጣሁባት ደነገጠች። ሻርፑን አውልቃ ነበር። ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋው ደርሷል። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ያለው እርጎ፣ አይብና ቋሊማ ብቻ ነው፤ ግማሹ ቀኑ ያለፈበት። በቢጫ ወረቀት ጾም ለተማረች ልጅ ያ ሁሉ አይበላም። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ቤቷ ስትሆን ምን እንደምትበላ ጠየቅኋት። የዳቦውን ከረጢትና የኬቻፕ ጠርሙሱን አምጥታ አሳየችኝ። በኩራት ነው ያሳየችኝ፤ ጾሟን አልፈታችማ። የክኒን ሳጥኗ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ቤት ያለው፣ ለታይሮይዷ በየጠዋቱ የምትወስደው፣ ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ አልተነካም። ጫማዋ በሩ አጠገብ ነበር። የግራው ተረከዝ ወደ ውስጥ ተረግጦ አልቋል። በተገላቢጦሽ የሚያደርግ ሰው ነው ጫማውን እንደዚያ የሚጨርሰው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አስካሌ። የሰባ ዓመት ሰው።

በዚያው ቀን ለአስቸኳይ ታካሚ ወደሚከፍቱት የጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። ሥሩ መግል ይዟል፤ ሁለት ጥርስ ተነቀለ። ሐኪሙ «ይህ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ሕመም ነው፤ ማንም አላየም?» አለኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ላይ ሃያ አንድ ጊዜ «ደስተኛ ናት» ተብሎ ተጽፏል።

ሰኞ ማታ ሰብለን ሕንፃው በር ላይ ጠበቅኋት። እየሮጠች ነበር የመጣችው። «ውይ ጋሼ! በሰላም ነው?» አለች። ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋትና፣ ክፍል ውስጥ እንደምጠይቀው፣ «ይህ ጽሑፍ የማን ነው?» አልኳት። አየችው። አልካደችም፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

«የኔ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የምጽፈው፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም። ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የምግብ ፕላን እየገለበጥኩ። ዘጠኝ ሰው ነው ያለብኝ ጋሼ። ኒድ፣ ግሪስሃይም፣ ሄክስት። አንዱን አልብሼ ሳልጨርስ አንዱ ይደውላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰው አያይም፣ ደብተር ነው የሚያየው። ደብተሩ ይሙላ ተባልን፣ ሞላን።»

«መታሰቢያ ላይ እንደነበረች አልተነገረሽም?»

«ማንም አልነገረኝም። በእግዚአብሔር ስም!»

«ታዲያ ዓርብ ሽኒትሰል ስትዪ ትንሽ አልቀፈፈሽም? የማን አገር ልጅ ነሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ጴንጤ ነኝ ጋሼ። ጾም ከቤታችን ከወጣ ስንት ዘመኑ። አላሰብኩትም። እርስዎ ግን ያስቡ ነበር። አንድ ቀን እንኳ 'ሰብለ፣ ማሂ ትጾማለች' ብለውኝ ያውቃሉ? አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ወጥተው ያውቃሉ? ቅዳሜ ቅዳሜ ፈርመው ነው የሚሄዱት። እርስዎ መምህር ነዎት፣ ከፈረሙ ልክ ነው ማለት ነው ብዬ...»

አልጨረሰችውም። ደረጃው ላይ ጥያት ሄድኩ። እስከ ትራሙ ድረስ በአፌ የምሰድባት ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እኔ እየተመለሰ ነበር።

ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ የተሰጠኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ማሂም ትምጣ አልኩ፤ የሚወራው ስለ እሷ ነውና። ኃላፊዋ ንጹሕ ጠረጴዛ ያላት፣ በለሰለሰ ድምፅ የምትናገር ሴት ናት። ስለ ሰብለ «ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» አለች። እንደምታባርራት ገባኝ። ሰብለ ተባራ ወረቀቷ ሲወድቅ፣ ዘጠኙ ሰዎች ለሌላ አንዲት ሯጭ ይሰጣሉ፤ እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ ትጽፋለች። ይህንኑ ተናገርኩ። ያን ጊዜ ኃላፊዋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ማሂ እዚያ እንደሌለች ያህል፣ «ምናልባት ይህ አኗኗር ከልጅዎ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ትልቅ ተቋማችን አንድ አልጋ አለ» አለች።

አየሽልኝ? እነሱ ሳይመጡ ቀሩ፤ አቅም ያነሳት ማሂ ሆነች። ለሦስት ሳምንት በተቃጠለ ጥርስ ብቻዋን ተነሥታ፣ ብቻዋን ለብሳ፣ ቁልፏን ቆልፋ፣ ሥራዋ የሄደች ልጅ አቅም የላትም። ቅሬታ ካቀረብክ ቤቷን ታጣለች ማለታቸው ነው። በጨዋ ቋንቋ።

ማሂ ከተባለው ሁሉ አንዲት ቃል ለይታ ሰምታለች፤ ቤት መቀየር የሚለውን። ቁልፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ናይን» አለች። «ሽሉሰል ፎን ማማ።» ቁልፉ የማማ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ከሸሚዜ ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘች። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የነበረውን ደብተር ወደ እሷ ሳበችና ዓርብ የሚለው ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገች። ማንበብ አትችልም፤ በጀርመንኛ ዓርብ የሚጀምርበትን ፊደል ግን አስተምረሻታል። «ፍራይታግ። ፋልሽ» አለች፤ ስህተት ነው። ገጹን ገለበጠች። ደግሞ ኤክስ። ገለበጠች፣ ኤክስ። ኃላፊዋ «በቃ፣ አመሰግናለሁ» አለች፤ ማሂ ምንም አልመሰላትም። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች፤ ማሂ ቀጠለች። የሁለት ዓመት ጥፋት በቀይ እስኪታረም ሁላችንም ተቀምጠን ጠበቅን። በመካከል አንዳንዱ ኤክስ የእኔ ፊርማ ላይ አረፈ። እጇን አልያዝኩትም።

በዚያ ቀን ስለ ትልቁ ተቋም ዳግም አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ለድርጅቱ፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ «በሰነድ አያያዝ ላይ በታየው ጉድለት እናዝናለን» ይላል። በቀይ አርሜ መልሼ ላክሁት። ጉድለቱ የታየው ሰነድ ላይ ሳይሆን የልጄ ጉንጭ ላይ ነው ብዬ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። እስካሁን አልመለሱም፤ እኔ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አስታውሳቸዋለሁ። ትዕግሥቴን ታውቂዋለሽ። ትዕግሥት ማለት ዝም ማለት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ የምጠብቀው እየጻፍኩ ነው።

የተገኘውም ይነገር። ሰብለ አልተባረረችም። ከዘጠኙ ሰዎች አራቱ ተነሡላት። አምስት ራሱ ብዙ ነው፤ ቢሆንም አሁን ስትመጣ ትቀመጣለች። ከእኔ ጋር እንደ ድሮው አይደለንም። «ጋሼ» ትለኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ሁለታችንም ፊታችን አይፈታም። ባለፈው ረቡዕ ግን ገበያ ሄዳ ለማሂ ምስርና ጎመን ገዝታ አየሁ። ማቀዝቀዣው ላይም ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ማን እንደለጠፈው አልጠየቅሁም።

አዲስ ደብተር አሰምሬአለሁ። ከፊርማው በፊት አንድ ረድፍ ጨመርኩ፤ የማሂ ነው። ሲበላ፣ ሲታጠብ፣ ክኒኑ ሲዋጥ፣ ያስተማርሻትን «ማ» በራሷ እጅ ትጽፋለች። እሷ «ማ» ሳትል ማንም መፈረም አይችልም። ከተናደደች ደግሞ ኤክስ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው ኤክስ ነበር፤ አንዱ ሾርባው ስላልጣማት እንደሆነ በኋላ ደረስኩበት። ይሁን። ይህም መታወቅ አለበት።

አሁንም እንቅልፍ የሚነሣኝ የሌላ ሰው ደብተር ነው። ከማሂ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዲተር የሚባል የስድሳ ዓመት ሰው አለ። ቅዳሜ ሲያየኝ ሁልጊዜ «ዛሬ ቅዳሜ ነው?» ይለኛል፤ ነው ስለው ይደሰታል፤ ቅዳሜ የሚመጣለት ሰው ግን የለውም። ጠረጴዛው ላይ እኔ ያሰመርኩት፣ በድርጅቱ የታተመው ወረቀት አለ፤ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፣ ደስተኛ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጫማውን አየሁ። ጎንበስ ብዬ ፈትቼ ቀኙን ወደ ቀኝ መለስኩለት። ስለ እሱም ጽፌአለሁ። የዘመዱ ስም ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የእኔን ስም ሰጠኋቸው።

አስካሌ፣ ቃል እንድገባልሽ ከፈለግሽ ይኸው። አስታውስሻለሁ ብዬ ብቻ አልተውሽም፤ እሱማ ቁጭ ብሎም ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኒድ እሄዳለሁ። አንኳኳለሁ፤ አሥር ጊዜም ቢሆን። ስትከፍትልኝ መጀመሪያ ጫማዋን አያለሁ። ቀጥሎ ጥፍሯን። ከዚያ ጸጉሯን አሻሽቼ አንገቷን አሸታለሁ፤ ትስቅብኛለች፣ ጢምህ ይወጋል ትላለች። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ እያንዳንዱን እቃ እያነሣሁ አስቀምጣለሁ። ደብተሩን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዩን እስክሪብቶ አልወስድም። ማሂ አልመለሰችልኝም።

ያንቺው፣
የማሂ አባት